አራት ጣት ፀሐይ

ውድ መካኒኩ ወንድሜ፣

የጠየቅከውን የወደቡ ተረኛ በስልክ ነገረኝ። «ፀሐይዋ አራት ጣት ቀርቷታል ስላት ለምን ዝም አለች?» ብለሃል አሉ። ያ ዝምታ ውሸት ስፈጥር የቆየሁበት ነው ብለህ እንደምታምንም ነገረኝ። እንደ አንተ አባባል ዳርቻው እዚያው ጭጋጉ ጀርባ ነበር፣ ዋኝተህ ውሃ ብታመጣ አማትህ ይተርፉ ነበር፣ እኔ ግን ዋሽቼ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጥኩህ። ተረኛው ነገር ማለዘብ አይችልበትም። ያልከውን እንዳለ አመጣልኝ፣ እኔም እንዳለ ተቀበልኩት።

የሆስፒታሉ ነርስ ሩቅ ነበርክ ብላሃለች። ያነሳህ መርከብ ካፒቴንም ብሎሃል፣ ባለቤትህም ብላሃለች፣ ያውም የገዛ አባቷ ሞተውባት። አንተ ግን ሰው ሲያዝንልህ የማይለው የለም ብለህ አንዳቸውንም አላመንክም። እውነትህን ነው፣ የማይለው የለም። እኔ ራሴ ስንቱን ሐዘንተኛ በባዶ ቃል ደልዬ ተመልሻለሁ! ስለዚህ ይህን የምጽፈው ላጽናናህ አይደለም። የሆነውን በእኔ በኩል ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ያችን ዝምታም ሳልሸሽ እመልስልሃለሁ።

እኔ በቀን ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ከሥራ ስመለስ ጣሪያችን ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ገብቼ ሬዲዮዬን እከፍታለሁ። ለደስታዬ ነው እንጂ ሳንቲም አላገኝበትም። ባሌ ጣሪያው ላይ የተከልኩትን አንቴና ባየ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» ይለኛል። ቪኤችኤፍ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ፣ አንተም በእጅ ሬዲዮህ የምትናገርበት ማለት ነው፣ ከአድማስ ብዙም አያልፍም። ባሕርተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ድምፁ ከጠራ ሰውየው ቅርብ ነው።

አልፎ አልፎ ግን የማይሆን ቀን አለ። ነፋሱ ይሞታል፣ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ሞቃቱ አየር ከላይ መጥቶ ውሃው ላይ ባለው ቀዝቃዛ አየር ላይ እንደ ክዳን ይገጠማል። ያን ጊዜ ሞገዱ ወደ ላይ ማምለጫ ያጣና ከክዳኑ ሥር የባሕሩን ገጽ ይዞ ይሮጣል፤ አንዳንዴ ከዳር እስከ ዳር። እኔና መሰሎቼ ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ይህን ቀን ነው። ማን ከማን ይበልጥ ሩቅ ሰማ፣ ማን ይበልጥ ሩቅ ተሰማ፤ ውድድራችን ይኸው ነው። ለሌላው ሰው እብደት እንደሚመስል አውቃለሁ።

ያን ቀን ክዳኑ ተገጥሞ ነበር። ገና ከመክፈቴ ከባሕሩ ማዶ የታክሲ ድርጅት ሰማሁ። ጥሪ የምታከፋፍለው ሴት «አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ምሳ ላይ ነህ?» እያለች አንዱን ሾፌር ስታጣድፈው ብቻዬን ሳቅሁ። ቁልፉን እያዞርኩ ወደ ጀልባዎቹ መስመር ስደርስ አንተን አገኘሁህ።

«የሚሰማ ሰው አለ? ሁለት ነን። ሞተሩ ቀጥ ብሏል። ውሃ ጨርሰናል። የሚሰማ ሰው አለ?»

ፈቃዴ በዚያ መስመር እንዳልናገር ይከለክለኛል፣ የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር። ቁልፉን ተጫንኩ። እሰማሃለሁ ስልህ እንዴት እንደጮህክ ታስታውሳለህ?

«እህት ዓለም! የት ነሽ? ጆሮዬ ውስጥ ነሽ እኮ! አባባ፣ አባባ፣ ሰው አገኘሁ!»

የተነሳችሁበትን ወደብ ነገርከኝ። የታክሲዋ ሴትዮ አገር ነው፣ ማዶ። ሩቅ ናቸው አልኩ በልቤ። ቀጥለህ ግን ሞተሩ ከቆመ ወዲህ ወደ ፀሐይ መውጫ እየተገፋችሁ እንደቆያችሁ ነገርከኝ። ስንት ቀን ብዬ ብጠይቅህ አንተ አንድ ቁጥር ስትል አማትህ ከኋላ ሆነው «አይደለም፣ ይሄ ልጅ መቁጠር ድሮም አይችል!» ሲሉ ሰማሁ። ያኔ ጭንቅ ያዘኝ። ባሕሩ ገፍቶ ገፍቶ እኛ ጋ አድርሷችሁ ቢሆንስ? ድምፅህ ከሚቀጥለው ክፍል የሚመጣ ያህል ጥርት ያለ ነው። ሬዲዮው ብቻውን ሊነግረኝ የሚችል ነገር አልነበረም።

በአንድ እጄ ስልክ ይዤ ወደቡ ደወልኩ። ተረኛው በባሕር ላይ ያረጀ ሰው ነው።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥርት ያለ ነው፣ ግን...»

«እንግዲያው ቅርብ ነው። ጀልባዎቼን አሁን አወጣለሁ።»

«ዛሬ ድምፅ አይታመንም። ማዶ ያለው ሁሉ እየተሰማ ነው። እሱም ማዶ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ወይስ ነው?»

የእኛ ጀልባዎች እዚህ ጭጋግ ውስጥ ሲዞሩ ቢያመሹ፣ እናንተም ማዶ ብትሆኑ፣ እናንተ ባላችሁበት የሚፈልጋችሁ አንድም ሰው የለም። ማዶ ናቸው ብዬ ቅርብ ብትሆኑ ደግሞ የማስገድላችሁ እኔ ነኝ።

አንተ ግን እኔን አልጠበቅክም። «እህቴ፣ ወስኛለሁ» አልከኝ። «ባዶ ጀሪካን ወገቤ ላይ አስሬ እዋኛለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዋናተኛ ነኝ። ድምፅሽ እንዲህ ከጠራ ይቺን ጭጋግ ብሻገር ዳርቻው አለ።»

አማትህ ሬዲዮውን ቀሙህ። «አንቺ ልጅ፣ ሻይ ጣጂለት! ይሄ ዋናተኛ ሊመጣልሽ ነው። ልጄን ያለ ባል ሊያስቀራት!»

ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንተ መልሰህ ወሰድክና ድምፅህን ዝቅ አደረግክ። «አባባ እያሾፉ ነው እንጂ አልቀዋል። ምላሳቸው አብጧል። ውሃ ካላመጣሁ ሌሊቱን አይዘልቁም።»

ይህን ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም አልልህም። አትሂድ ስልህ ምን እያልኩህ እንደሆነ አውቅ ነበር። የሚሞት ሰው አጠገብ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ ማለቴ ነበር።

«ትንሽ ጠብቀኝ፣ በሞቴ!» አልኩህና ለተረኛው ነገርኩት። እሱም «ፀሐይ የት እንዳለች ጠይቂው» አለኝ። «እጁን ወደ አድማሱ ዘርግቶ በጣቱ ይለካ። ሬዲዮሽን አላውቀውም፣ ፀሐይን ግን አውቃታለሁ።»

መስኮቱን ከፈትኩ። እኛ ጋ ፀሐይዋ ጠልቃ የመንገድ መብራት በርቷል፣ ጎረቤቴ ልብሷን ከገመድ ላይ በዳበሳ ትሰበስባለች። ጠየቅኩህ። ጭጋጉ ውስጥ ቀይ ሆና ትታይሃለች፣ ጀልባዋ ስለምትወዛወዝ ሁለቴ ለካህ።

«አራት ጣት ቀርቷታል» አልከኝ።

ዝም ያልኩት ያኔ ነው። «ሰማሽኝ?» አልክ። አልመለስኩም። «ሰማሽኝ ወይ?» አልክ እንደገና። ስልኩን ወደ ሬዲዮው አስጠግቼ ስለነበር ተረኛው ራሱ ሰምቶህ «አራት ጣት! ኧረ ማዶ ነው፣ የማዶዎቹን ልቀስቅስ!» ብሎ በሌላ ስልክ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የተናገርኩት።

«ሩቅ ነህ» አልኩህ። «እኔ ጋ መሽቷል። አንተ ጋ ገና ፀሐይ አለ። የምትሰማው እኔን ነው እንጂ አጠገብህ ማንም የለም። ጀልባዋን እንዳትለቅ። ለማዶ ሰዎች እየተነገረ ነው፣ ጀልባ ይታያል፣ የሰው ጭንቅላት ውሃ ላይ አይታይም።»

«ውሸትሽን ነው!» አልክ። «እኔን ለማስቀረት ነው! ይሄ ሬዲዮ በደህናው ቀን ከወደባችን በር አያልፍም!»

«ልጆቼን ቀብሬ ልቁም! ሩቅ ነህ!»

እንዲህ ያለ መሐላ በሕይወቴ ምዬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ መልስ ጠፋ። ጠራሁህ። ሬዲዮው እንደሚፈላ ዘይት ይንጫጫል እንጂ ሰው የለበትም። ክዳኑ መነሳት ጀምሮ እንደሆነ ወይ አንተ ዘልለህ ገብተህ እንደሆነ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ጠራሁህ፣ ጠራሁህ፣ ድምፄ ሰለለ። ባሌ ምን ሆነች ብሎ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ፊቴን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። ጀሪካኑን ወገብህ ላይ አስረህ ስትወርድ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁህ፣ አይቼህ የማላውቅህን ሰው።

በመጨረሻ አንድ የሰለለ ድምፅ መጣ፣ የአማትህ ነበር።

«ተቀምጧል። አንቺ ልጅ፣ ተቀምጧል። ተቆጥቷል፣ ግን ተቀምጧል።»

ሌላ ቃል አልሰማሁም። ባሌ እጄን ከቁልፉ ላይ አላቅቆ ወደ ታች አወረደኝ።

በማግስቱ ተረኛው ሲደውል የአንድ ሆቴል ማቀዝቀዣ ጀርባውን ፈትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። መርከብ እንዳገኘህ ነገረኝ። አማትህ ግን ሳይነጋ አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ለሻይ ጣጂለት ላሉኝ ሰውዬ ሆቴሉ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ። ወጥ ቤቷ የአባቷን ሞት የሰማች ሴት መስዬያት ትከሻዬን አቅፋ አባበለችኝ። አይደለም አላልኳትም።

አሁን ስለ ዝምታዬ። ይህን ለባሌም፣ ለተረኛውም፣ ለማንም አልተናገርኩም።

አራት ጣት ስትለኝ ዓይኔ ቀና አለ። ከሬዲዮዬ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ የባሕሩ ካርታ አለ። ከእኛ ዳርቻ በዚያ ሞገድ ማንም አልፎት የማያውቀውን ሩቅ ቦታ በመርፌ ወግቼ ምልክት አድርጌበታለሁ። የወጋሁት በቅናት ነው፣ ሌላ ሰው ነበር የደረሰበት። አራት ጣት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ቀርቷታል ማለት ነው፤ የእኔ ፀሐይ ደግሞ ጠልቃለች። በጣቴ ካርታው ላይ ወደ ምዕራብ ሄድኩ። መርፌዋን አለፍኩ። አሁንም ሄድኩ። ልቤ ዘለለ ወንድሜ። አንተ «ሰማሽኝ?» ስትል እኔ ጣቴ ካርታው ላይ ነበር። ሁሉንም በለጥኳቸው እያልኩ ነበር። ጉንጬ ላይ ፈገግታ እንደነበረ ይሰማኝ ነበር። ሁለተኛ ስትጠራኝ ነው ከዚያ የተመለስኩት፣ ያኔም ቶሎ አልተመለስኩም።

ውሸት እየፈጠርኩ አልነበረም። ምላሱ ያበጠ ሽማግሌ አጠገብህ ተኝቶ እያለ እኔ በመራቅህ ደስ ብሎኝ ነበር። የሬዲዮ ጓደኞቼ ወሬውን ሰምተው አስመዝግቢው፣ ከዚህ ባሕር እንዲህ የራቀ የለም ይሉኛል። መርፌዋን ያን ሰሞን ነቅያታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ካርታውን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ሰው ለማጽናናት ብዙ ነገር ይፈጥራል። ይህን ግን የሚፈጥር ሰው ካለ አሳየኝ። ቅርብ ብትሆን ኖሮ አራት ጣት ስትለኝ የምደሰትበት ምንም ነገር አልነበረኝም።

መጥላት ካለብህ እኔን ጥላኝ፣ ይገባኛል። የባለቤትህን ዓይን ግን አትሽሽ። ይህን አንብብላት፣ የካርታውንም ጭምር፣ አንዲት መስመር ሳትዘልል። ወደ ውሃው ብትወርድ ኖሮ ከጭጋጉ ወዲያ የምታገኘው ውሃ ነበር፣ ከዚያም ወዲያ ውሃ፣ እስኪመሽ ድረስ። እሷም በአንድ ቀን አባቷንም ባሏንም ታጣ ነበር።

ሩቅ የነበረችው እህትህ