ከሐምሌ ጀምሮ በሩ ላይ የቀረው የእማዬ ደብዳቤ

ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ በዛብህ፣ አሰብ

እንደምን ከረምክ? ያ የወደቡ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ ብርቅዬስ? ልጆቹስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኔን ብትል በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

እማዬ አንደበቷ ከተያዘ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ከስኳር ወረፋ ስመለስ ጓዳ ወድቃ አገኘኋት። ጎረቤታችን ሰርኬ ታክሲ አቁማልኝ ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው፣ ቀኝ ጎኗን ወስዶታል አለ። አሁን ቤት ተኝታለች፤ ትሰማለች፣ መናገር ግን የለም።

ይህስ የአምላክ ሥራ ነው እንበል፤ የእኔን ጥፋት ልንገርህ። በሴቶች ማኅበር የቀን ሥራችሁን እየጻፋችሁ የሚያስቸኩለውን አስቀድሙ ብለው አስተማሩን። እኔም ተማርኩ ብዬ በየጠዋቱ የጓዳው በር ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ፦ የአብዮቱ በዓል ሰልፍ ልምምድ፣ የቀበሌ ስብሰባ፣ የጤፍ ወረፋ፣ ልብስ ማጠብ። ከልምምዱ የቀረ ስኳር አያገኝም ስለተባለ አንደኛው እሱ ነበር። ከሁሉም በታች የእማዬ ደብዳቤ ይላል። ሌላው ሲጠፋ ሲጻፍ እሱ ከሐምሌ ጀምሮ እዚያው ነው።

እማዬ ለአንተ በደብዳቤ የምታስጽፈኝ ነገር ነበራት። ለእኔ ንገሪኝና በኋላ እጽፈዋለሁ ብላት፣ ልጄ፣ ሁለት ጊዜ አይወጣኝም፣ ወረቀቱን ይዘሽ ስትቀመጪ ነው የምናገረው አለችኝ። በየቀኑ ዛሬስ ይመችሻል ትለኛለች። እኔ እርጉሟ በዓሉ ይለፍ፣ መስቀል ይለፍ እላታለሁ። ደብዳቤ የት ይሄዳል ብዬ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ምነው ያ ስኳር በአፍንጫዬ በወጣ!

ትናንት ወረቀት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምትነግሪው እሱ ከሆነ በግራ እጅሽ ጨብጪኝ ብዬ፣ ጎጃም ስላለው ቤታችን ነው ወይ አልኳት፤ አልጨበጠችኝም። ስለ አባባ ነው ስላት ፊቷን አዞረች። በዛብህን ምን ልበልልሽ ስላት እንባዋ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የምጠይቃት አጣሁ።

ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንተ የምትጠረጥረው ነገር ካለ ቶሎ ጻፍልኝ፤ አነብላታለሁ። እሱ ከሆነ በግራ እጇ ትጨብጠኛለች። መምጣት ከቻልክማ ዛሬውኑ ተነስ፤ ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠኝም።

ብርቅዬን ፀዳለ ሰላም ብላሻለች በላት። ፈቀደንና ትንሿን ሙሉወርቅን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ሰርኬም ሰላም ብላሃለች። የእማዬን ሰላምታ ግን ከራሴ ፈጥሬ ልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ።

እህትህ ፀዳለ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.