ዓይኑ ወደ ላይ ይሁን

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? በብርድ እንደሚያስቸግርሽ ከእናንተ ወደ እኛ የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሾፌር ነግሮኛል። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያለች ሴት ዛሬ ተነሥታ ስለ ጉልበት ስትጠይቅ ሳትስቂ አትቀሪም። ሳቂ። እኔ ሆዴም ጎኔም ደህና ነው። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ገዘፍ ገዘፍ ቢል፣ መስመሩም ቢወጣ ቢወርድ አትፍረጂብኝ፤ በወፍራም እስክሪብቶ ካልሆነ አልሆንልኝ ብሏል።

ድሮ ያልተማረ ሰው “ጨዋ” ይባል ነበር፤ ታስታውሻለሽ። አንቺን ትምህርት ቤት ሰድደው እኔን ከእናታችን ምድጃ አጠገብ ሲያስቀሩኝ ጨዋ ሆኜ ቀረሁ። ሰው “እሷ እኮ ጨዋ ናት” ሲለኝ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳላውቅ ስድሳ ሦስት ዓመት ኖርሁ። አሁን ፊደል ቆጥሬ ጨዋነቴ ቀርቷልና እንደ ልቤ ልናገርሽ።

እናታችን ስትሞት አልመጣሽም። ከሦስት ወር በኋላ በሾፌሩ እጅ አንድ ጆንያ ድንችና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላክሽ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መነጽሩን አድርጎ አነበበልኝ። “የዘር ድንች ነው። ስትተክዪው ዓይኑ ወደ ላይ ይሁን። አንቺ መቼም አትረሺም” ይላል አለኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ቃል አላልቶ ነው ያነበባት። ነገር አትረሺም፣ ቂመኛ ነሽ ማለትሽ መሰለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እናቷን ያገላበጠች ቂመኛ ትባል? ጆንያውን እንዳለ ቀቀልሁት። ባለቤቴ ኧረ ዘር ነው ቢለኝ፣ “ዘሯን እበላዋለሁ” አልሁት። ሳምንት ሙሉ ድንች በላን። ወረቀቷን ግን ልቀድዳት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ከጨው ጣሳው ሥር ሸጎጥኋት።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጥቂት የዘር ድንች ሰጠኝ። በእንቁላል ካርቶን ላይ ደርድሬ ብርሃን እንጂ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት ሥር አስቀመጥሁት። እህቴ፣ ስንት ዘመን ድንች ልጫለሁ፤ ዓይኑን በቢላ ጫፍ እየነቀልሁ ስጥል ኖሬአለሁ። ዓይን መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም። አፈር የለው፣ ውሃ የለው፣ በደረቅ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ከገዛ ሆዱ እየበላ ጉንቁል አወጣ። አጭር፣ ድንቡሽ ያለ፣ ሐምራዊ። ጠዋት ጠዋት ሄጄ በጣቴ እነካዋለሁ። ትልልቆቹን ለሁለት ቆረጥኋቸው፤ ቁስላቸው እስኪሽር ድረስም ጋዜጣ ላይ አሰጣኋቸው።

በዚያው ሳምንት፣ የጎልማሶች ትምህርት ላይ፣ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ “አለ” ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈች። አንዱ ተናገረ ነው፣ አንዱ ይገኛል ነው አለችን። ልዩነቱ የታለ ብዬ አፈጠጥሁ። “እማማ፣ ፊደሉ አንድ ነው፤ አንዱ ላልቶ፣ አንዱ ጠብቆ ይነበባል። የሚለየው ምላስ ነው” አለችኝ። ታዲያ ጸሐፊው ሩቅ ከሆነ ማን ይነግረኛል ብላት፣ “ያኔማ የጻፈውን ሰው ማወቅ ነው” አለች።

ቤት ገብቼ የጨው ጣሳውን አነሣሁ። አላልቼ አነበብሁት፤ ያው የድሮው ስድብ። ከዚያ አጠበቅሁት። አትረሺም። የሚረሳሽ የለም። ከተቆራረጠው ድንች አጠገብ ዱብ ብዬ ተቀመጥሁ። ባለቤቴን ልረግመው ነበር፤ መልሼ ግን ተውሁት። አርባ ዓመት ከቂመኛ ጋር የኖረ ሰው እንዴት ብሎ ያጥብቀው?

በማግስቱ ተከልሁ። ልብስ ሰፊው በአጥር ብቅ ብሎ “እማማ፣ ምሳዎን ቀበሩት እኮ!” አለኝ። አንተ ቁልፍህን ትከል አልሁት። የመጀመሪያውን መስመር በዓይኔ ተማምኜ ነበር የተከልሁት፤ ግማሹን ገልብጬዋለሁ። ሁለተኛውን በአውራ ጣቴ እየዳሰስሁ አስቀመጥሁት። ጣት አይዋሽም።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛው መስመር ብቅ ብቅ አለ። ከመጀመሪያው ግን ግማሹ አልወጣም። በስብሶ ይሆናል ብዬ አንዱን ቆፈርሁት። ጉንቁሉ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ፣ ከዚያ ተጠምዝዞ፣ የእናቱን ወገብ ዞሮ ወደ ላይ ሲወጣ አገኘሁት። በዚያ ድቅድቅ ውስጥ ላይ የት እንደሆነ ማን ነገረው? ዓይኑን አፈር ሞልቶት ብርሃንን ያውቃታል! ተንበርክኬ ቀረሁ። እኔ ለጸሎት እንኳ እንደዚያ ተንበርክኬ አላውቅም። ለካ ጨለማ ይህን ያህል አያስፈራም አልሁና መልሼ አለበስሁት። በሳምንቱ ወጣ።

ስንዝር ሲሆን ሥሩን አፈር ማስታቀፍ ነው ይላሉ። ሰው አላቀፍሁም፤ ዘንድሮ ድንች አስታቅፋለሁ።

ከወር በኋላ ያብባል። ሐኪሙ ስለ ዓይኔ ያለኝን በደብዳቤ አልጽፈውም። ብቻ ለመከሩ ሳይሆን ለአበባው ድረሺ፤ መከሩ ይቆያል። በጠዋት ግቢ፣ ፊትሽን ፀሐይ ላይ ልየው። አበባው ነጭም ሐምራዊም ይሆናል አሉ። የእኔ የትኛው እንደሆነ አጠገቤ ቆመሽ ትነግሪኛለሽ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። መንገዱን ያቅናልሽ። የላክሽውን ዘር የበላች እህትሽንም ይቅር የምትዪበት ልብ ይስጥሽ።

ቂመኛዋ ታላቅሽ

አንቺም አትረሺም። አጥብቀሽ አንብቢው።