ጓሮ የዋለው ቦአ

ፊቤ፣

እባቡን ይዤ ወጥቻለሁ። አልጋሽ ስር አትፈልጊው። በሹራቤ ጠቅልዬዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ከጠየቁኝ ዳቦ ነው እላለሁ።

ትናንት አንቺና የጸሎት እህቶችሽ "ከዘንዶ ጋር አንጸልይም" ብላችሁ ከነሳጥኑ ጓሮ አወጣችሁት። የጆበርግ ሰኔ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የእናንተ ጸሎት ደግሞ "እናጠቃልል" ከተባለ በኋላ ነው የሚጀምረው። ከሱቅ ስመለስ እንደ ገመድ ደርቆ አገኘሁት።

ዘንዶ አይደለም፣ ገና ልጅ ነው።

ማንም አላስተማረኝም፤ አንብቤ ነው የመረጥኩት። "ቦአ የሚባለው የእባብ ዘር ለጀማሪ ይከብዳል" ሲሉኝም አልሰማሁም። ከዱር የተያዘውን ትቼ ሰው ቤት የተወለደውን፣ ዓይኑ የጠራውን፣ የሞተ አይጥ መብላት የለመደውን፣ ከሁሉም በላይ አፉን ገጥሞ የሚተነፍሰውን መረጥኩ። አሁን ብርዱ ሳንባውን ይዞት አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው። ዛሬ ብመርጥ እኔም አልወስደውም ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ "አምጪው፤ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ" ብሎኛል።

ፍሪዘር ውስጥ ከዶሮው ስር ያለው ጥቁር ፌስታል አይጥ ነው። እንዳትቀቅዪው! ጣይው፤ ከእንግዲህ የሚበላው የለም።

ስለ እባብ ያን ሁሉ ያነበብኩ ሰው፣ አንድ ክፍል አብራኝ የምታድረውን "ትፈሪያለሽ ወይ?" ብዬ አልጠየቅኳትም።
ይቺን ለእህቶችሽ አታንብቢላቸው።

ከሳጥኑ ስር የነበረውን ማሞቂያ አልጋሽ ላይ፣ በእግርጌ በኩል አድርጌልሻለሁ። ሌሊት እግርሽን እንደሚበርድሽ አውቃለሁ።

እሱ አያስፈልገውም።

ቤዛ