«አዎ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

የጡረተኞች ማኅበራችን ጉባኤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ድምፅ ሰጠ። ጥያቄው «አዳራሻችን አይሸጥም?» የሚል ሲሆን፣ ምርጫዎቹ «አዎ» እና «አይደለም» ነበሩ። አዳራሹ ከተሸጠ መሰብሰቢያ የለንምና «አዎ፣ አይሸጥም» ለማለት «አዎ»ን ነካሁ። አጠገቤ ያሉት አቶ ኦባንግ ደግሞ «አዎ፣ ይሸጥ» ብለው ያንኑ ነኩ! ብድግ አልሁ።

«መምህር፣ ዛሬም እርማት?» ብለው አባላቱ ሳቁብኝ።

«አዎ ያላችሁ፣ ይሸጥ ነው አይሸጥ?» ብዬ ስጠይቅ ግማሹ «ይሸጥ»፣ ግማሹ «አይሸጥ» እያለ ተንጫጫ። ሰብሳቢዋ ድምፁን ሰርዘው ምርጫዎቹን «ይሸጥ» እና «አይሸጥ» አደረጓቸው። እንደገና ድምፅ ሰጠን፤ ውጤቱም ወዲያው ወጣ፤ አዳራሹ አይሸጥም! ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ፤ እኔ፣ ቃል የማላጣው! አቶ ኦባንግ እጄን ጨብጠው፣ «በአንዲት ግሥ ጉድ ሠሩን እኮ!» አሉኝ።