ሁለተኛው ጉዞ የራሱ ምርመራ አለው

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል፣

እንደምን ነሽ የምልሽ ለወጉ አይደለም። እግርሽ ያብጣል? ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ ብዥ ይላል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ይህን ደብዳቤ ማንበቡን ተዪና ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ከሌለ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ እግርሽን ግን ከፍ አድርጊ።

እኔ ደህና ነኝ። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶም ቢሆን ጥሏል፤ የጓሮው እንሰት አምሮበታል። ማክሰኞ ዕለት «ጉዞው ተላለፈ፣ ደህና ነን» ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ተናድጄ ስለነበረ ነው። በንዴት ስናገር ነገር እንደማበላሽ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሦስት ቀን ከበረድኩ በኋላ ነው የምጽፍልሽ። ያልበረደውን መሐል ላይ ታገኝዋለሽ።

ከመጋቢቱ ሙከራ ልጀምር። ባልሽ መሐመድአሚን የላከልን ትኬት ሁለት ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ እዚያ አንድ ቀን ከምናምን ጠብቆ፣ ከናይሮቢ ጆሃንስበርግ። ሕጉ ደግሞ እያንዳንዱ ጉዞ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሰባ ሁለት ሰዓታት ውስጥ የተወሰደ የኮሮና ምርመራ ይፈልጋል። ለመጀመሪያው ያገለገለሽ ወረቀት ሁለተኛው ጋ ስትደርሺ ሊያረጅ ይችላል። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ከአንዱ አውሮፕላን ወርጄ ሌላው ላይ እስክወጣ የት ልሄድ ነው? በሽታውን ፍለጋ ከተማ ለከተማ ልዞር?

ይሁን ብለን እኔና አማትሽ ሃቢባ እዚሁ ሆሳዕና ናሙና ሰጠን። ናሙናው ሌላ ከተማ ተላከ። ነፃ ናችሁ የሚለው ወረቀት የመጣልን አውሮፕላኑ በሄደ ማግስት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! መሐመድአሚን ቀኑን አስቀየረልን፤ መንገዱ ግን አይቀየርም ተባለ።

ሁለተኛውን ጊዜ እንደ ምጥ ቆጠርኩት። ሠላሳ ዓመት በሌሞ ቀበሌዎች በጋሪም በእግርም እየዞርኩ ሳዋልድ ሰዓት መቁጠር ሥራዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ናሙና ብንሰጥ፣ ሁለተኛው አውሮፕላን ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሲነሣ ሰባ አንድ ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰዓት ይተርፈናል። አሁን ውጤቱ በማግስቱ ይደርሳል ስላሉን፣ ማክሰኞ በጠዋት ወረቀታችንን ተቀብለን በቀጥታ አዲስ አበባ ገባን። ሃቢባ የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ጾሟ ነው፣ እኔ ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ። መኪና ውስጥ ከወራቤ እስከ ቡታጅራ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። አምስት ዓመት ያልተነጋገረ ሰው በምን ይጀምራል?

ኤርፖርት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ባንኮኒው ላይ የነበረችው ልጅ የሃቢባን ወረቀት አይታ አሳለፈች። የእኔን አየች፣ ደግማ አየች።

«እናቴ፣ ይሄ ለናይሮቢ ይሆናል። ለሁለተኛው ጉዞዎ ግን ሰባ ሰባት ሰዓት ይሆናል፣ አልፏል።»

«ሰባ አንድ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ» አልኳት።

ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ናሙናውን የወሰደልኝ ልጅ ሰዓቱን እንደኛ አቆጣጠር 3:00 ብሎ ጽፎታል። ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በሐበሻ! የሃቢባን የወሰደችው ሌላዋ ባለሙያ ግን 9:15 ብላለች። እኛ ሦስት ሰዓት ስንል ጠዋት ነው፤ ለእነሱ ሦስት ሰዓት ማለት የእኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«ልጄ፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሆሳዕና ላይ ማን አፍንጫ ሊጠርግልኝ ይነሣል? ጅብ?» አልኳት። ሣቀች፣ ምስኪን። «ገብቶኛል እናቴ። ናይሮቢ ላይ ግን አይገባቸውም። የሁለተኛውን ጉዞ ካላሟሉ በመጀመሪያውም ማሳፈር አልችልም» አለችኝ። ሆሳዕና ደውዬ ልጁን አገኘሁት፤ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አስተካክሎ ማተም የሚችለው ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። እንደገና ልመርመር ብልም ውጤቱ በማግስቱ ነው። እጄን ባንኮኒው ላይ መታሁ። ሰው ዞሮ አየኝ። ይህን የምነግርሽ ከሌላ እንዳትሰሚው ነው።

አሁን የምጽፍልሽን በደንብ አንብቢው።

ሃቢባን «አንቺ ሂጂ፤ ወረቀትሽ ሙሉ ነው፤ ከሁለት አንዳችን እንድረስላት» አልኳት። ሻንጣዋ ሄዷል። እሷ ግን ወደ ልጅቷ ተመልሳ «ሻንጣዬን አውርዱልኝ» አለች። ያበደች መሰለኝ።

«ምን ሆነሻል ሃቢባ?»

«ብቻዬን ደርሼ ምን ልበላት? እናትሽ ወረቀት ተበላሽቶባት ቀረች ልበላት? ታምነኛለች? እንደያኔው ጠልታን ቀረች ብትል፣ በዚያ ሆዷ ብታለቅስ፣ እኔ ነኝ የማባብላት? ወይ አብረን እንሄዳለን ወይ አብረን እንቀራለን።»

ውጭ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጾም መፍቻ ሲደርስ ከቦርሳዋ ቴምር አወጣች፤ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። አለቀስኩ፣ አቢጋኤል። እንባዬን አይታ አላባበለችኝም፣ እሱንም አመሰገንኳት።

የዚያን ዓመት አንቺን ለልጇ ለመጠየቅ ሽማግሌ ስትልክ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። በሦስተኛው እሷ ራሷ ነበረች ከደጃፌ የቆመችው፣ ዝናብ ላይ። ቁጭ በይ እንኳ አላልኳትም። እኔ ሁለት ጊዜ ብመለስ ባንኮኒ የመታሁ ሴትዮ፣ እሷ ያን ቀን ምን ብላ እንደተመለሰች ጠይቄያት አላውቅም ነበር። በመልሱ መንገድ ጠየቅኳት። «ልጅሽን ወድጃት ነበር፤ ተስፋ አልቆረጥኩም» አለችኝ። ከዚያ ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና ስናወራ መጣን። ባልሽ በልጅነቱ ሱቃቸው ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ሰው ሲያስደነግጥ እንደነበር ነግራኛለች። እንደዚህ ያለ ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሳያድግልሽ ስለቀረው ስለ መጀመሪያው ልጅ እዚህ አልጽፍም። ያኔ ስትደውዪልኝ ስልኩን በሦስተኛው ቀን ማንሳቴን አንቺም አትረሺውም እኔም አልረሳውም። የሌሞን ልጆች ሁሉ ያዋለድኩ እኔ ያን ጊዜ የት እንደነበርኩ ሰው ባይጠይቀኝም፣ ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ራሴን እጠይቀዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራ። እሁድ ሁለታችንም አዲስ አበባ የሃቢባ እህት ቤት እናድራለን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚያው ናሙና እንሰጣለን። የሚወስደው ማንም ይሁን ማን፣ አጠገቡ ቆሜ ሰዓቱን በፈረንጅ ሲጽፍ ካላየሁ አልነሣም። ስምና ፓስፖርት ቁጥሩን እኔ አነባለሁ፣ ሃቢባ ትከታተላለች። ማክሰኞ ማታ ናይሮቢ፣ ሐሙስ እናንተ ጋ። ናይሮቢ ላይ አዲስ ሕግ ቢያወጡና እንደገና ተመርመሩ ቢሉ እንመረመራለን። በአፍንጫ ቢሉ በአፍንጫ፣ በጉሮሮ ቢሉ በጉሮሮ። ቢመልሱን አራተኛ እንመጣለን። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ የሚነሣው የሆመቾው ሰይፈሥላሴ ያደርስልሻል፤ የእሱ ጉዞ አንድ ነው፣ አንድ ምርመራ በቃው፣ እድለኛ! ቡላና ለጋ ቅቤም አሲዤዋለሁ። ቡላውን ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ከወለድሽ በኋላ የአራስ ምግብሽን፣ አተካናውን፣ የምሠራልሽ እኔ ነኝ። ቀድመሽኝ ከወለድሽ ግን መሐመድአሚን ይሥራው፤ ቡላው እንዳይጓጉል ቀስ እያለ ያማስል፣ በቅቤው አይሰስት። አልችልም ካለ ይደውልልኝ፣ በየትኛውም ሰዓት።

ሐኪሞቹ የሰጡሽ ቀን ሚያዝያ 18 ነው፤ ሐሙስ ከደረስን አራት ቀን ይቀረናል። ልጅ ግን ወረቀት አያነብም። ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ወይም ምጡ በየአምስት ደቂቃው ከመጣ፣ እናቴን ልጠብቅ ብለሽ አንዲት ደቂቃ እንዳታባክኚ። ሂጂ። ተንፍሺ እንጂ አትጩኺ፤ የሚያዋልዱሽን ስሚያቸው።

የፈጠረሽ አምላክ በሰላም ይገላግልሽ። እመቤታችን ማርያም ከራስጌሽ አትለይ። የሃቢባም ዱዓ ከእኔ ጸሎት ጋር አብሮ እየመጣ ነው፤ በአንድ መኪና እንደተሳፈርነው። ለባልሽ ለልጄ ለመሐመድአሚን ሰላምታዬን ስጪ።

ቀድሞን ከተወለደም አትዘኚ። ሕፃኑን ማንም ይቀበለው፤ እኔ የምመጣው ለአንቺ ነው።

እናትሽ ርብቃ