የአልጋ አራት ማንቂያ

ውድ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ልጠይቅሽ? ስልኬን ማንሳት ካቆምሽ ዘጠኝ ቀንሽ ነው። እማዬ ምግብ እንዳልቀመስሽ፣ «ረሳሁ፣ ሰው ልገድል ነበር» እያልሽ እንደምታለቅሺ ነገረችኝ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሆስፒታላችሁ ኮሚቴ ፊት ትቀርቢያለሽ። ከዚያ በፊት ይህን ማንበብ ስላለብሽ በእማዬ እጅ ልኬዋለሁ።

መጀመሪያ የማታውቂውን ልንገርሽ። ሰኞ ዕለት ሆስፒታሉ መሥሪያ ቤታችንን «የሠራችሁልን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስህተት ነበረበት ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ፕሮግራሙ እንደታሰበው ሠርቷል» የሚል መልስ ሄደ። የጻፍኩትም የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

ስፈርም ውሸት አልመሰለኝም፤ ክፋቱ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ቅሬታ ሲመጣ የንድፉን ሰነድ እናወጣለን። ፕሮግራሙ ሰነዱ ያለውን ካደረገ፣ ተጠቃሚው ምንም ቢል «እንደታሰበው ይሠራል» ብለን እንዘጋዋለን። ስህተት የሚባለው ከሰነዱ ሲወጣ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ «ያለ ስህተት የቆየንባቸው ቀናት» የሚል ሰሌዳ ስላለ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ ማንም አይፈልግም። ሰነዱ ደግሞ «አልጋ ሲለቀቅ የአልጋው የመድኃኒት ሰዓት ማንቂያ ይጥፋ» ይላል። የወጣው በሽተኛ መድኃኒት ተተክቶ ለሚተኛው እንዳይሰጥ ብዬ ያንን መስመር የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሰው ከሆስፒታሉ ሳይወጣ አልጋ ብቻ ሊቀይር እንደሚችል ለአፍታም አላሰብኩም።

አንቺ አስበሻል። ከሁለት ወር በፊት፣ በሽተኛ ሲዛወር የመድኃኒቱ ማንቂያ አብሮት እንደማይሄድ ሪፖርት ላክሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰልችተሽኝ ነበር። የስም ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይሁን፣ ቀዩ ቀለም ዓይኔን አመመኝ እያልሽ ስንቴ ደውለሻል! እነዚያ ስህተት አልነበሩም፤ ዛሬም አይደሉም። ያልጠበቅሽው ነገር ሁሉ ስህተት አይሆንም። ግን ይሄኛውንም ከእነሱ ጋር ደባልቄ ዘጋሁትና በስልክ «እንደገና መመዝገብ ነው፣ ምን ይከብዳል?» አልኩሽ። «እሺ በቃ» ብለሽ ተውሽኝ።

ሁለት ወር ሙሉ እንደገና መዘገብሽ። ያን ዕለት ቧንቧ ፈንድቶ ክፍሉ በውሃ ሲሞላ ሦስት ሰው ባንዴ አዛወርሽ፤ ሁለቱን መዘገብሽ። ሦስተኛው፣ እግሩን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ልብስ ሰፊ፣ ከአልጋ አራት ወደ አልጋ አሥራ አንድ ሲሄድ የደም ማቅጠኛው ማንቂያ ጠፋ። ካንቺ በኋላ የገቡት ተረኞችም ስክሪኑ ዝም ስላለ ዝም አሉ። ሰውዬው ሁለት ቀን ያለ መርፌ ቆይቶ ደሙ ረጋና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። ተርፏል፤ ትናንት ራሴ አይቼዋለሁ።

እሱን ልጠይቅ ሄጄ ነው ያንቺን ጽሑፍ ያየሁት። ኮምፒውተሩ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ «አልጋ ስትቀይሩ እንደገና መዝግቡ፣ ይጠፋባችኋል» ይላል። ቀጥሎ ያለውም ላይ፣ ከዚያኛውም ላይ። የት እንደምሠራ የማታውቅ አንዲት ነርስ ጓደኛሽ ሳፈጥ አየችኝና «ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የሚታከመው አልጋው መስሏቸው ነው» አለች።

ቀጥ ብዬ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ስህተት ነው፣ መልሳችንን እንቀይር አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ አስቀመጠኝና «ማሻሻያ እንበለው» አለኝ። «በዚህ ሳምንት ታስተካክይዋለሽ፣ ነገሩ ያልቃል። ስህተት ካልሽው ግን ሰነዱ ያንቺ ነው፤ ቀድመሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። የቃል ጉዳይ ብቻ ነው እኮ።»

የቃል ጉዳይ! ማሻሻያ ከተባለ ጥፋቱ አንቺ ላይ ይቀራል፤ ስህተት ከተባለ እኔ ላይ ይመጣል። ሥራውን የምታውቅ ሰው «በሽተኛ ይጎዳል» ብላ ነግራን ሰነድ አውጥተን ከተከራከርናት፣ ስህተቱ ሰነዱ ውስጥ ነው አልኩት። ተነስቼ ወጣሁ።

ዛሬ የሰኞውን መልስ የሚሽር ደብዳቤ ለኮሚቴው በእጄ አስገባሁ። ያንቺን ሪፖርት ከነቀኑ፣ ከሥሩም የኔን መልስ አያይዣለሁ። ሰብሳቢዋ አንብባ ስትጨርስ ፊቷ አልተፈታም። «ታዲያ እህትሽ ለምን ረሳሁ ብላ ፈረመች?» አለችኝ። ያ ቃልሽ እዚያ እስካለ ድረስ የኔ ወረቀት ለእህቷ የተቆረቆረች ሴት ወሬ ነው።

እርግጥ አንዱን ዘለልሽ። ግን ሁለት ወር ሙሉ እኔ የጣልኩትን ስታነሺ ነበር። ስለዚህ ነገ ሲጠይቁሽ ረሳሁ እንዳትዪ። እንደ ልማድሽ ልትሸፍኚኝም አትሞክሪ። «ነግሬያት ነበር» በያቸው። ማንን ሲሉሽ ስሜን ጥሪ።

ታናሽሽ