ጣቴን ይዤ ስለምሄድ

ሀኒያ ልጄ፣

እኔ ዋጫ ከሄድኩ ኮሌጁ በማን ጣት ይከፈትልሻል? ከተነሳሁ ጀምሮ ይህንኑ አስባለሁ።

ዋጫ ያለችው እህቴ ሞተች። ሳይነጋ ደውለው ቀስቅሰው ነገሩኝ። ከዙህር ሶላት በኋላ ስለሚቀብሯት በመጀመሪያው መኪና መሄዴ ነው።

የኮሌጁ ምዝገባ ዛሬ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ስልክሽ ሲሰረቅ፣ ያንን የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ በጣት አሻራ የሚከፈተውን የኮሌጁን ድረ ገጽ መግቢያ በእኔ ስልክና በእኔ ጣት እናድርገው ያልኩት ሌላ ሰው እንዳይገባብሽ ፈርቼ ነው። አንቺ ግን "እማማ፣ የግቢውን በር መቆለፍሽ አልበቃ ብሎሽ ትምህርቴንም ቆለፍሽው" አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ በወጉ አልተነጋገርንም።

ቆጮ ከድኜልሻለሁ፣ ሳትበዪ እንዳትወጪ።
ሹራብሽን ልበሺ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጬ አንቺ ወደተኛሽበት ገባሁ። የእኔን ጣት አሻራ ስልኩ ውስጥ ስታስገቢ ያየሁትን አስታውሼ፣ አውራ ጣትሽን ይዤ ስልኩን አስነካሁት። አንሺና ድገሚ ሲለኝ አነሳሁ፣ ደገምኩ፣ በቃ እስኪል ድረስ። አልነቃሽም። እጅሽ ይሞቃል።

አሁን ያንቺንም ጣት ያውቃል። ስልኩ ትራስሽ አጠገብ ነው።
እኔ ጋ አትደውዪ፣ ስልኬ አንቺ ጋ ነው። ስትመዘገቢ በእህቴ ልጅ በናፊሳ ስልክ ንገሪኝ።

ባነቃሽ ምዝገባውን ትተሽ ልከተልሽ ትያለሽ። ስለዚህ ጫማዬን በእጄ ይዤ እወጣለሁ።